ዕጢው ከመቀበሩ በፊት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ በግቢያችን ዛፍ ሥር ዳቦ ቆርሰው፣ ትከሻዬ ላይ አዲስ ሻርፕ ጣል አድርገው፣ “ዘይነባ፣ እስኪ ስለ ሥራሽ ንገሪን” አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ለጠየቀኝ ሁሉ ሳልታክት ሳስረዳ የኖርኩ ሴት ያን ዕለት “አላህ ይስጥልኝ” ብዬ ቁጭ አልኩ። እንባ ቀደመኝ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያልተናገርኩት ሁሉ አላስቀምጥ አለኝ። ስለዚህ ልጻፈው።

ሥራዬ ላብራቶሪ ነበር። ከሚሴና ዙሪያዋ ግን “ዘይነባ ዕጢ” ነው የሚሉኝ። እንግዳ ሰው ሲሰማው ይደነግጣል፤ እኔ ግን እኮራበታለሁ። ስሙ የወጣልኝ ከሰው ገላ በኦፕራሲዮን የሚወጣውን ነገር ተቀብዬ፣ አይቼ፣ ቆርጬ፣ ሳይበላሽ ለምርመራ የምልክ በመሆኔ ነው። ከሁሉም በላይ በእጄ ያለፈው ኦቫሪ ላይ የሚበቅለው ዕጢ ነበር። ኦቫሪ የሴት እንቁላል የሚመነጭበት ነው፤ ከማህፀን ግራና ቀኝ ተቀምጦ፣ ከነልጣጩ ያለ ኦቾሎኒ ቢያህል ነው። ከዚያች ትንሽ ነገር ላይ የሚነሳው ግን የሴትን ሆድ የዘጠኝ ወር እርጉዝ እስኪያስመስል ያድጋል። አንዳንዱ ውሃ ብቻ ነው፤ ሳይነካ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። አንዳንዱ ይገድላል። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱ አይለዩም። መለየት ነው እንግዲህ የእኛ ሥራ።

ሥራ ስጀምር ዕጢ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። የማየው ወባ ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ቦርከና ወንዝ የተኛበት የጨፋ ሸለቆ ውሃ ያቁራል፤ ከዚያ በኋላ የጤና ጣቢያችን በር ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይሰለፋል። ከጠዋት እስከ ማታ ደም በመስታወት ስላይድ ላይ እየቀባሁ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀረቅራለሁ። ዓይኔን የገራልኝ ያ ሥራ ነው። ደሞዙን አላነሳውም፤ ማንም ስለ ደሞዙ ብሎ በዚያ ሥራ አልቆየም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ ይመስለኛል፣ አዲስ አበባ ሄዶ የሥጋ ናሙና አያያዝ የሚማር አንድ ሰው ይላክ ተባለ። ባልደረቦቼ “የሬሳ ሥራ ነው” ብለው ሸሹ። እኔ ልጆቼን ለእናቴ ትቼ ሄድኩ። ባለቤቴ አስተማሪ ነበር፤ “ሂጂ፣ የሰው ልጅ ውስጡን ማየት ሁሉ ሰው የሚያገኘው ዕድል አይደለም” ብሎ ሸኘኝ። በኋላ ልብሴ ሥጋው እንዳይበሰብስ የምንነክርበት ፎርማሊን ሲሸት በዚህ ቃሉ እቀልድበት ነበር።

አዲስ አበባ የተቀበሉኝ ዶክተር አስናቀ ይባላሉ። ፓቶሎጂስት ናቸው፤ ማለትም በሽታን ከሥጋው አይተው የሚለዩ ሐኪም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአንዲት ሴት የወጣ የውሃ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ቀረበ። እኔ ጎበዝ ልባል ብዬ ቢላዋውን አነሳሁ።

“አስቀምጪው” አሉኝ። “ሴትዮዋ ማን ናት?”

“አላውቅም ዶክተር።”

“ዕድሜዋስ? ወልዳለች? የወር አበባዋ ቆሟል?”

“ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።”

“እንግዲያው ወርደሽ ጠይቂያትና ነይ።”

ደረጃውን ወርጄ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ የተኛችበት ድረስ ሄድኩ። ስሟን፣ ልጆቿን፣ ሕመሟ እንዴት እንደ ጀመራት ጠይቄ ተመለስኩ። እሳቸው ያለሥራ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሁሉን ካዳመጡኝ በኋላ “ለሃያ ዓመት ልጅና ለስልሳ ዓመት እናት አንድ ዓይነት ከረጢት አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ሴትዮዋን ሳታውቂ ዕጢውን አታውቂውም” አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም ስም ያልያዘ ጠርሙስ ተቀብዬ አላውቅም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዕጢውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ መስኮቱ ይወስዱትና ዞር ዞር እያደረጉ ያዩታል። ሽፋኑ ለስላሳ ነው? የተቀደደ ቦታ አለው? ካለው፣ የተቀደደው ሆድ ውስጥ ሳለ ነው ወይስ ሐኪሙ ሲያወጣው? ይህን ሳያረጋግጡ አይቆርጡም፤ ክፉ ዕጢ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ የበሽተኛዋ ነገር ሌላ ነው። ከዚያ ይመዝኑታል፣ ይለኩታል፣ በእርሳስ ይስሉታል። ሥዕላቸው የሕፃን ልጅ ሥዕል ይመስል ነበር፤ አንዴ ሳልቆጣጠረው ብስቅ እሳቸውም ሳቁና “ሥዕሉ ለውበት አይደለም፤ እጄ እንዲቸኩል ስለማልፈልግ ነው” አሉ።

ከተከፈተ በኋላ ደግሞ የሚወጣው ዓይነቱ ብዙ ነው። ስስ ሽፋን ያለው፣ ውስጡ እንደ ገለባ ቢጫ የሆነ ንጹህ ውሃ የሞላበት አለ። ብዙ ክፍል ኖሮት ውስጡ የተቀቀለ ተልባ የመሰለ ዝልግልግ የያዘ አለ፤ እጅግ የሚተልቀው ይኸኛው ነው። ጠቁሮ የረጋ ደም የያዘም አለ፤ በወር አበባዋ ሰሞን ሕመም አላስቀምጥ የሚላት ሴት ሕመሟ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። በተንጠለጠለበት ገመድ ላይ ተጠምዝዞ ደም ተከልክሎ የጠቆረም ይመጣል፤ ያ ሲሆን ሴትዮዋ በድንገት እየጮኸች ነው የምትገባው። ዶክተር አስናቀ ከሁሉም ውስጥ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፦ ደንደን ያለ፣ ሻከር ያለ፣ ከሌላው የተለየ ቦታ። ካንሰር ከተደበቀ የሚደበቀው እዚያ ነው። በአንድ ከረጢት ውስጥ አንዱ ጥግ ጤነኛ፣ ሌላው ጥግ ካንሰር ሊሆን ይችላል። አንድ ቁራጭ ብቻ ወስዶ “ደህና ነው” ማለት ለእሳቸው ነውር ነበር።

የእጅ ሥራውን ከሳቸው ረዳቶች ተማርኩ። ትልቅ ዕጢ እንዳለ ፎርማሊን ውስጥ ቢከተት ውጭው ይጠነክራል፣ መሃሉ ግን ይበሰብሳል፤ ስለዚህ እንደ ዳቦ ይሰነጠቃል፣ ፎርማሊኑም ከሥጋው እጅግ በዝቶ ይፈስበታል። ቁራጩ ከዚያ ሰም ይጠጣል። ሰሙ ሲደርቅ በማሽን ይላጣል፤ የሚላጠው ቅጠል ከፀጉር ይቀጥናል፤ ትንፋሽ ይወስደዋል። ለብ ያለ ውሃ ላይ አንሳፍፎ በስላይድ ማንሳት ነው ጥበቡ። እኔ ስንቱን ቀደድኩ! የመጀመሪያው ሳይቀደድ፣ ሳይሸበሸብ ስላይዴ ላይ የወጣ ዕለት በደስታ ረዳቶቹን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ። በቀለም ነክረነው ሐምራዊና ሮዝ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ሳየው የወባዋ ዘይነባ እዚያው ቀረች።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶክተር አስናቀ ያልገባቸው ነገር ሲገጥማቸው ውጤቱ ላይ “እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ይየው” ብለው ይጽፋሉ። የእሳቸውን ያህል የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲጽፍ ማየት ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር።

ከሚሴ ስመለስ ያኔ የነበሩት ኃላፊዬ “እንግዲህ ሥጋ በአውቶቡስ ልትልኪ ነው?” አሉኝ። ሳቁብኝ እንጂ አልከለከሉኝም፤ ፎርማሊኑንም ለምነው ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ዕቃ ስላልነበረን ክዳኑ የሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ፣ የቀለም ባልዲ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አጥቤ አስቀምጥ ነበር። ኦፕራሲዮን ከሚሴ ገና አልተጀመረም፤ በዙሪያችን ካሉ ከተሞች የሚያውቁኝ ሐኪሞች ናሙና ይልኩልኛል፣ እኔ አዘጋጅቼ ወደ አዲስ አበባ አሳልፋለሁ። አንዴ እንድሪስ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ባልዲውን አሽትቶ “ምንድን ነው የጫንሽብኝ?” አለኝ። “የአንዲት እናት ሕይወት ነው፤ አደራ” አልኩት። ምንም ሳይል ወስዶ ከራሱ ወንበር ኋላ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ የመንገዱ ሾፌሮች ሁሉ ለመዱኝ።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር።

ሀዋ የጨፋ ሴት ናት። የአራት ልጆች እናት፣ ማሽላዋን ከባሏ እኩል የምታጭድ ብርቱ። ሆዷ ተነፍቶ ወደ አንድ ሩቅ ከተማ ተልካ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ትልቅ ከረጢት ወጣላት። ድና፣ ቀላ ብላ፣ በጤና ጣቢያው ስታልፍ ሰላም ትለኝ ነበር፤ “ዘይኑ፣ አካም? ነጋ? ይኸው ሆዴ እንደ ልጃገረድ ሆነልኝ” እያለች። እኔም አብሬያት ደስ አለኝ።

ዓመት ሳይሞላት ሆዷ ተመለሰ። ባሏ አሊ ደግፎ አመጣት። ፊቷ ከስቷል፣ ሆዷ ብቻ ነው ያለው።

“ሀዋ፣ ያኔ ከሆድሽ የወጣው ውጤቱ ምን ነበር?” አልኳት።

“የምን ውጤት?”

“ከረጢቱን መርምረውት የለ? የት ላኩት?”

ባሏን አየችው። “እሱማ ተቀበረ” አለ አሊ። “በባልዲ አሳዩን። የሰው ገላ ነው፣ መሬት ይግባ ብለን ወስደን ከማሳው ዳር ቀበርነው። እንደ ወጉ። አጥፍተናል እንዴ?”

ምን ብዬ ልመልስለት? አላጠፋም። እምነቱ ያዘዘውን በአክብሮት አደረገ። የተለየ ነገር የነገረው ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ከሆዷ በመርፌ የተቀዳው ዝልግልግ ነበር፤ አዘጋጅቼ ለዶክተር አስናቀ ላክሁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቢሮው ስልክ ደወሉልኝ። “ካንሰር ነው ዘይነባ” አሉኝ። “ከመጀመሪያው ዕጢ የቀረ የለም? አንዲት ቁራጭ እንኳ?” የለም አልኳቸው።

ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር፤ ከፍተው ብዙ ሳይነኩ ዘጉት። ቤቷ ገባች። ልጠይቃት ስሄድ ሰው ሁሉ ወጣ እንዲል አድርጋ “እውነቱን ንገሪኝ” አለችኝ። “ያኔ ሳይቀበር ቢታይ ኖሮ እድን ነበር?”

አብሽሪ ብዬ ላባብላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዓይኗ እውነት ይፈልጋል። “አላውቅም ሀዋ” አልኳት። “ቶሎ እናውቀው ነበር። ቶሎ ከታወቀ የሚድን አለ። ያንቺ ይድን እንደሆን ግን አላውቅም።”

እጄን ያዘችኝ። “እንግዲያው የሌሎቹን አትቅበሩ በያቸው” አለችኝ። ማሽላው ሳይታጨድ ሞተች። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የመረረኝ የለም።

ለቅሶው ላይ ሸህ ይማም ነበሩ። በአካባቢያችን ቃላቸው የሚሰማ፣ ሽምግልናውም ዱዓውም በእጃቸው የሚያልፍ አዛውንት ናቸው። ሰው ሲቀንስ ቀርቤ ነገርኳቸው፤ ሀዋ ያለችኝንም ጭምር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና “የሰው ገላ መቀበሩ ግድ ነው ልጄ” አሉ። “ግን ለነፍስ ጥቅም ሲባል ቢቆይ ምን ይላል? ካያችሁት በኋላ ትመልሱታላችሁ?”

“የቀረውን አጥበን በጨርቅ ጠቅልለን እንመልሳለን። ጥቂት ቁራጭ ግን እኛ ዘንድ ይቀራል።”

“እሱን ምን ታደርጉታላችሁ?”

መናገሩ ስላልበቃኝ ላብራቶሪ ድረስ እንዲመጡልኝ ለመንኳቸው። በሳምንቱ መጡ። ከአዲስ አበባ ለማስተማሪያ ያመጣሁትን የሰም ቁራጭ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። መሃሉ ላይ ጥፍር የምታህል ሥጋ ትታያለች። “ይህ የአንዲት ሴት ነው” አልኳቸው። “በሽታው ቢመለስባት መልሰን የምናየው ይህንን ነው። ለዓመታት ይቀመጣል።” ሸህ ይማም አገላብጠው አዩት። ከዚያ “እንግዲህ አማና ነው፣ አደራ” አሉ። “አማና ደግሞ እስኪፈለግ ይጠበቃል።”

በሚቀጥለው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ለሕዝቡ ተናገሩት። “ከሆዳችሁ የወጣውን ዘይነባ ሳታየው አትቅበሩ” አሉ በሁለቱም ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። “ዘይነባ ዕጢ” የሚለው ስም ከዚያ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ ሌላ ከተማ የታከሙ ሰዎች ሳይቀሩ ዕጢውን ሐኪሙን ለምነው፣ በፎርማሊን ይዘው መምጣት ጀመሩ። የቀረውንም ስንመልስላቸው በሥርዓቱ ይቀብራሉ። ያን ስምምነት ያመጣነው አንዲት ሟች፣ አንድ አዛውንትና እኔ ነን። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

ዓመታት አለፉ። ከሚሴ አደገች፤ ባጃጁ በዛ፣ ኦፕራሲዮን ክፍልም ተከፈተልን፣ አልትራሳውንድ መጣ። የራህመት ነገር የደረሰው በዚያ ዘመን ነው።

ራህመት የሰንበቴ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ሁሴን ከአፋር የሚወጣውን ከደጋ ከሚመጣው ጋር እያገናኘ ከብት ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ልጅቷ ታጭታ፣ ሰርጓ እየተደገሰ ሳለ ሆዷ ገፋ። ሰፈሩ አወራ። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው “ይቅርብን” አሉ። ቁርአን መትታ “ወንድ አልነካኝም” ብትልም የሚሰማት ጠፋ። አጎቷ ሰይድ “ቤታችንን አዋረደች” እያለ ይዝት ነበር። እናቷ ከድጃ ፈርታ ወደ እኛ አመጣቻት።

ሽንቷን እኔው መረመርኩ። እርግዝና የለም። ደገምኩት፤ የለም። አልትራሳውንዱ በግራ በኩል ትልቅ ከረጢት አሳየ። ለከድጃ ስነግራት መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰይድ ግን “የሽንት ወረቀት ምን ያውቃል? ከሆዷ የሚወጣውን በዓይናችን እንየው” አለ። ራህመት አልጋው ላይ ሆና ሰማችው። ቀና ብላ “ይዩት” አለች። “እፊታቸው ክፈቱት። እኔ የምፈራው የለኝም።”

ዶክተር ታደለ የሚባል ጥንቁቅ ሐኪም ነበረን። ከረጢቱን ሳይፈነዳ እንዳለ አወጣው፤ የቀኙ ኦቫሪ ጤነኛ ስለነበር አልነካውም። አባትና አጎት ላብራቶሪ ገቡ። ዕጢውን ዞር ዞር አድርጌ አየሁት፣ ለካሁት፣ ከዚያ ከፈትኩት። እንደ ቅቤ የቀለጠ ሞራ ፈሰሰ፤ ከሆድ ሙቀት ሲወጣ ወዲያው መርጋት ጀመረ። መሃሉ ላይ የተጠቀለለ ጥቁር ፀጉር ነበር። ከግድግዳው ላይ ጉብ ያለች ሥጋ አለች፤ እሷ ላይ ጥርስ በቅሏል።

“ያ ረቢ!” ብሎ ጮኸ ሰይድ። “ይኸው ፀጉሩ! ይኸው ጥርሱ! ልጅ ነው አላልኩም?”

ሁሴን ግድግዳውን ተደገፈ። ፊቱ አመድ መሰለ።

“ወንድሜ፣ ረጋ በል” አልኩት ሰይድን። “ልጅ ከሆነ ራሱ የታለ? እጅ እግሩስ? እትብቱስ የታለ? ይህ የቆዳ ዕጢ ነው። የሴት እንቁላል ሰውን ሁሉ የመሥራት ኃይል በውስጧ አለ፤ አንዳንዴ ያለ ወንድ፣ ያለ ጋብቻ፣ በራሷ ጊዜ ቆዳና ፀጉር ጥርስም ታበቅላለች። ሕፃን ልጅ ላይ እንኳ ይገኛል። ዓመታት ሲያድግ የኖረ ነው።”

ሰይድ ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ሁሴን ከግድግዳው ተላቅቆ ቀረበ። “ጥርሱን አሳይኝ” አለኝ።

ነቅዬ፣ አጥቤ፣ በፋሻ ላይ አድርጌ ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ ይዞ ሥሩን አየ፣ አናቱን ዳበሰ፣ አገላበጠው። ዕድሜውን ሙሉ የከብት አፍ ከፍቶ ዕድሜ የሚናገር ሰው ነው።

“ሰይድ፣ ና እይ” አለው ወንድሙን። “ይህ መንጋጋ ነው። የትልቅ ሰው መንጋጋ። በሆድ ያለ ጨቅላ መንጋጋ ያወጣል እንዴ? እኔና አንተ ስንት ዓመት ጥርስ ስናይ ኖርን?”

ሰይድ አየው። ደጋግሞ አየው።

“ዱጋ ነው” አለ ሁሴን፣ “እውነቷን ነው። ኢንተላ ኮ! ልጄ! ምን አደረግናት!” ብሎ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ።

ከጉብታዋና ከሌላውም ቦታ ቁራጭ ወስጄ ላክሁ። እንዲህ ያለው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ባይሆንም ያልበሰለ ሥጋ ካለበት አደገኛ ነው። ዶክተር አስናቀ ያኔ አርጅተዋል፤ በሞባይል ደወሉልኝ። “ሁሉም የበሰለ ነው፤ ክፉ ነገር የለበትም” አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው “ልጅቷስ እንዴት ናት?” አሉኝ።

ልጅቷማ ጠንክራ ነበር። ውጤቱን ለእሷ ብቻ ልነግራት ስሄድ “በሰንበቴ ሰው ፊት ይነበብልኝ። ያወራው ሁሉ ይስማ” አለችኝ። እርግጠኛ መሆኗን ጠየቅኳት፤ እርግጠኛ ነበረች። ሸህ ይማምን ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ። በአባቷ ግቢ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ የእጮኛዋም አባት ተቀምጠዋል። አነበብኩ፤ በሁለቱም ቋንቋ አስረዳሁ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። ሸህ ይማም “በንጹሕ ሴት ላይ ያወራ ከአላህ ይታረቅ” ብለው ዱዓ አደረጉ።

የእጮኛዋ አባት ተነሣ። “በድለናችኋል፣ አፉ በሉን። ሰርጉ ይቀጥል” አለ።

ሁሉም ሁሴንን አየ። ሁሴን ልጁን አየ። ራህመት ከእናቷ ጎን ነበረች። “አፉ ብያለሁ” አለች። “ግን አልመለስም። ሲወራብኝ አንድ ቀን መጥቶ ‘እውነት ነው ወይ’ ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው፣ ነገ ብታመም ምን ሊያደርገኝ ነው?”

አንዱ ሽማግሌ ሊመክር አፉን ከፈተ። ሁሴን እጁን አነሣ፤ “ሰምታችኋል፤ አለቀ” አለ።

ከሦስት አራት ዓመት በኋላ አንድ ከሰዓት የላብራቶሪው በር ተንኳኳ። ራህመት ናት፣ በነጠላ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋለች። ሌላ ሰው አግብታ፣ በቀረው ኦቫሪዋ ወልዳ። ሕፃኑን እጄ ላይ አስቀምጣ “ዘይነባ፣ ይኸኛው ልጅ ነው” አለችኝ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን፤ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ።

የመጨረሻው ዓመቴ ላይ ነገሩ ሁሉ ተለውጦ ነበር። ደሴ ፓቶሎጂስት ስላለ ውጤት እንደ ድሮው አይቆይም፤ በላብራቶሪው ያሰለጠንኳቸው ወጣቶች ፎቶ በስልክ ይልካሉ። የማርማላታ ጠርሙስም ቀረ። ዙበይዳ የመጣችው ያኔ ነው።

ዙበይዳ ከሚሴ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ከሃምሳ ያለፈች፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። ወጣቷ ሐኪማችን ዶክተር ሰላም ከረጢቱን ሳይፈስ አወጣችላት። ስስ ነበር፤ ውስጡ ንጹህ ውሃ። ወንዶች ልጆቿ “ውሃ ነው ካላችሁ ስጡንና እንቅበረው፤ ደሴ ምን ያደርጋል?” አሉ። ዕድሜዋን አስቤ “ትንሽ ታገሡኝ” አልኩ። ከረጢቱን ገልብጬ የውስጡን ግድግዳ በጣቴ ቀስ ብዬ ዳበስኩት። ሁሉም ለስላሳ ነው። ታችኛው ጥግ ላይ ስደርስ ሽምብራ የምታህል ቦታ እንደ ድመት ምላስ ሻከረችኝ።

ዶክተር ሰላምን ጠራኋት። ጓንት አጥልቃ ዳበሰች። ተያየን። “ዙሪያዋን ሁሉ እንውሰድ” አለች። አብረን ቆረጥን፣ የትኛው ቁራጭ ከየት እንደሆነ ምልክት አደረግን፣ ላክን።

ካንሰር ነበር። ግን ከከረጢቱ አልወጣም፤ ሽፋኑን አልነካም። ዶክተር ሰላም ስትነግራት እኔም አብሬ ነበርኩ። ዙበይዳ “ሱቄን ማን ይከፍታል?” አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ደሴ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ተደረገች፤ ሌላ ቦታ አልተዛመተም ተባለ። የካንሰር መድኃኒቱን አዲስ አበባ ተመላልሳ ጨረሰች። ፀጉሯ ረገፈ፣ ሰውነቷ አለቀ፣ ድምጿ እንኳ ሟሸሸ። እኔ በመሃሉ ጡረታ ወጣሁ። ክትትሏን ግን እጠይቅ ነበር፤ በመጣች ቁጥር ንጹህ ነው ይሉኛል።

ባለፈው የገበያ ቀን አትክልት ልገዛ ወጣሁ። ገና ጨርቅ ተራ ሳልደርስ ድምጿን ሰማሁት። አንድ ደንበኛ ቀለሙ ይለቃል ብሏት ኖሮ “ይለቃል? የኔ ጨርቅ ይለቃል? ወላሂ ቦርከና ወስደህ ዓመት ዘፍዝፈው!” ትላለች፤ የገበያው ሰው ሁሉ ይስቃል። ፀጉሯ በሻሹ ሥር አብጦ ይታያል። ፊቷ ሞልቷል። ቆሜ አየኋት።

“ዙበይዳ፣ እንዴት ነሽ? አፊያ ነሽ?” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። “አልሃምዱሊላህ ዘይኑ፣ ደህና ነኝ፤ ቆይ መጣሁ!” ብላ ወዲያው ወደ ደንበኛዋ ዞረች። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ጨርቅ ይዘው ይጠብቋት ነበር።

ጥቂት ቆምኩ፤ አልመጣችም። ገበያ ነበረባት። አትክልቴን ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።